ማጽጃ ፈሳሽ፣ የኖዝል እጥበት ወይስ አዲስ ኖዝል? በጎንደር ለሚነዱ መኪኖች የነዳጅ መስመር ጥገና ንጽጽር

መኪና ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ፣ ጠዋት አልነሳ ሲል ወይም በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆሞ ሲንቀጠቀጥ የሚሰጠው ምክር እንደ መካሪው ነው። መለዋወጫ መደብሩ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ «ይህን ቤንዚኑ ላይ ጨምረው ይንዱ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም» ይላል። ጋራዡ ኖዝሉ፣ ማለትም ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ክፍል፣ ይታጠብ ባይ ነው። የሰፈሩ ሾፌር ፊልትሮ (ማጣሪያ) ቀይሩ ይላል። ያገለገለ ዕቃ የሚያመጣው ደግሞ አሮጌውን ጥሎ መቀየር ይሻላል ይላል። ሁሉም ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አላቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ መፍትሔ የሚነካው የነዳጅ መስመሩን የተለያየ ክፍል ነው፤ ዋጋቸውም እጅግ ይራራቃል። ገንዘብ የሚባክነው ደካማ መፍትሔ በመምረጥ ሳይሆን ያልታመመውን ክፍል በማከም ነው።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የሚጻፍ ቁጥር ነገ ያሳስታል። አማራጮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ይበቃል።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ቦታው ነው፦ መፍትሔው የሚነካው ታንከሩን ነው፣ ፊልትሮውን፣ ፓምፑን ወይስ ኖዝሉን? ሁለተኛው ውጤቱ ከሥራው በፊትና በኋላ በቁጥር ይለካ እንደሆነ ነው። ሦስተኛው፣ ምርመራው ስህተት ቢሆን የሚጠፋው ምን ያህል ነው? አሥር ጊዜ ሊደገም የሚችል ትንሽ ወጪ ነው ወይስ የማይመለስ? አራተኛው መኪናው የሚቆምበት ጊዜ ነው። ለቤት መኪና ሁለት ቀን መቆም ምንም አይደለም፤ ለሚኒባስ ግን የሁለት ቀን ገቢ ነው። ዋጋ የመጣው በመጨረሻ ነው፤ ሆን ብዬ ነው ወደ ኋላ ያስቀረሁት።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ የማስበልጠው ሁለተኛውን ነው። «አሁን ቀለል አላለዎትም?» ተብሎ የሚጠየቅበት ሥራ ሁሉ ያጠራጥረኛል፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው ምንጊዜም ቀለል ይለዋል።

ጎንደር ላይ የሚለየው

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ኢኤፍአይ የሆኑት፣ ማለትም ቤንዚኑ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭባቸው መኪኖች አየሩን በሴንሰር እየለኩ ቤንዚኑን ይቀንሳሉ። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተርና ፖምፓው (ናፍጣውን በግፊት ወደ ኖዝሉ የሚልከው ፓምፕ) በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ግን፣ የከፍታ ማስተካከያ ከሌለው፣ ቆላ ላይ የለመደውን ያህል ነዳጅ ይሰጣል። አየሩ ስለማይበቃው የተረፈው ነዳጅ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከመተማ ወይም ከሁመራ የመጣ አሮጌ መኪና የአዘዞን መንገድ ሲወጣ ቢያጨስ ኖዝሉ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። የታፈነ የአየር ፊልትሮም ያንኑ ጭስ ያስወጣል። በበጋ አቧራማ መንገድ የሚመላለስ መኪና ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበትም እርሱ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ነዳጁ ራሱ ነው። አገራችን ነዳጇን ከውጭ ታስገባለች፤ አብዛኛው በጅቡቲ ገብቶ በቦቴ ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው ከተማችን የሚደርሰው። ማደያው ሲነጥፍ ሰው ወደ ጀሪካንና ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ይዞራል። እዚያ ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል? ዝናብ የገባበት ጀሪካን፣ ቀድሞ ዘይት የነበረበት ጀሪካን፣ ላምባ የተደባለቀበት ናፍጣ ሁሉ አለ። ላምባ ከናፍጣ ያነሰ የማለስለስ አቅም ስላለው ፖምፓውንና ኖዝሉን ያደርቃል፤ ጉዳቱም ወዲያው አይታይም።

ሦስተኛው የመኪኖቻችን ዕድሜ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና አቆይቶ መንዳት የብዙ ሰው ዕጣ ሆኗል።

አንደኛ፦ ከታንከር እስከ ፊልትሮ ማጽዳት

ብዙ ቦታ የምሰጠው ለዚህኛው ነው፤ ምክንያቱም ከላይ በተባለው የተነሳ በከተማችን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በናፍጣ መኪና ላይ ምርመራውን ማንም በቤቱ ሊሠራው ይችላል። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ያድር። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ በፊት በፊልትሮው ሥር ያለችውን የውኃ ማውጫ ብሎን ትንሽ ፈታ አድርገው አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል በንጹሕ ጠርሙስ ይቅዱ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነኩ ብርሃን ፊት ያቁሙት። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል በቢላ የተቆረጠ የሚመስል መስመር ይታያል። ከሥር ያለው ጠብታ ብቻ ከሆነ አያሳስብም። ጣት የሚያክል ከሆነ ታንከሩ ውስጥ ብዙ ውኃ አለ ማለት ነው። መስመሩ ላይ ጥቁር፣ የሚያሙለጨልጭ አተላ ካለ ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታ ባክቴሪያና ሻጋታ አድጓል፤ ያን ጊዜ ፊልትሮ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ታንከሩ ወርዶ መታጠብ አለበት። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በሙሉ ደመና መስሎ ካልጠራ ውኃው ከናፍጣው ጋር ተደባልቋል ማለት ነው።

ፊልትሮ በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር? የአምራቾች መመሪያ እንደ መኪናው ከ10,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ይለያያል። ከጀሪካን ለሚቀዳ ሰው የእኔ ምክር መመሪያው ካለው በግማሹ መቀየር ነው። ወረቀቱ ከሞላ ፓምፑ ይጨነቃል፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ቆሻሻው በቀጥታ ወደ ኖዝሉ ይሄዳል። ኮመን ሬል በሚባለው ዘመናዊ ናፍጣ ሞተር ኖዝል ውስጥ ያሉት ክፍተቶች በጥቂት ማይክሮን የሚለኩ ናቸው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት እንኳ 70 ማይክሮን ገደማ ነው።

አዲሱን ፊልትሮ በሚያስገቡበት ጊዜ ሁለት ነገር ያስተውሉ። መካኒኩ ከጀሪካን ነዳጅ ቀድቶ አዲሱን ፊልትሮ ሊሞላው ሲል ኮመን ሬል ከሆነ ያስቁሙት፤ በመካከለኛው ቀዳዳ የሚፈሰው ያልተጣራ ነዳጅ በቀጥታ ወደ ፖምፓው ይሄዳል። በምትኩ ፊልትሮው አናት ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ተጭኖ አየሩ ይውጣ። አየር ይዞ ሳለ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ደጋግሞ ማስጮህ ባትሪውንም ፖምፓውንም ይጎዳል።

የቤንዚን መኪና ባለቤቶች ብዙ ጊዜ «የእኔ ፊልትሮ የለውም» ሲሉ ይሰማሉ። አለው። እንደ ቪትዝ ባሉ መኪኖች ፊልትሮው ከፓምፑ ጋር ታንከሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚደረስበት የኋላ ወንበር ተነስቶ፣ ከሥሩ ያለው ክዳን ተከፍቶ ነው። ስለማይታይ ይረሳል። የፓምፑ ሞተር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ስለሆነ ከሩብ ታንከር በታች እየነዱ መክረም ፓምፑን ያቃጥለዋል፤ የታንከሩን ዝቃጭም ወደ ማጥለያው ይጎትታል። በሰልፍ ዘመን ይህን መምከር እንደሚቀል፣ መፈጸሙ ግን እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ የነዳጁን ግፊት ያስለኩ። በአብዛኞቹ ተራ የኢኤፍአይ ቤንዚን መኪኖች ግፊቱ 3 ባር አካባቢ መሆን አለበት፤ ትክክለኛው ቁጥር በመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ቆሞ ደህና ሆኖ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣውን ዳገት ሲወጣ ግፊቱ ከወረደ ጥፋቱ የፓምፑ ወይም የፊልትሮው ነው፤ ኖዝሉን ማጠብ ምንም አይፈይድም።

ሁለተኛ፦ ታንከር ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ

ጠርሙሶቹ ሁሉ አንድ አይደሉም። ቤንዚን ላይ ከሚጨመሩት ፖሊኤተርአሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የያዘው በኖዝል ጫፍ ላይ የተጋገረውን ዝቃጭ በማሟሟት የተሻለ ስም አለው። የያዘውን ነገር በጀርባው ላይ ያልጻፈ ጠርሙስ አልገዛም።

ይህ ፈሳሽ የሚሠራው ገና ሲጀምር ላለ መቆሸሽ ነው። ዝገት አያነሳም፤ የተበላ ኖዝል አይጠግንም፤ የሞላ ፊልትሮ አይከፍትም። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጭባቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይ ደግሞ የመግቢያ ቫልቮቹን ካርቦን ሊያጸዳ አይችልም፤ ነዳጁ ቫልቮቹን አያገኛቸውማ። በአሮጌ ታንከር ውስጥ ተኝቶ የኖረውን ቆሻሻ አላቆ ወደ ፊልትሮ ሊልከው ስለሚችል ጠርሙሱ ካለቀ በኋላ ፊልትሮ መቀየር ብልህነት ነው። በሁለት ሙሉ ታንከር ውስጥ ለውጥ ካላመጣ ሦስተኛ ጠርሙስ አይግዙ።

ላምባ ከቤንዚን፣ ቤንዚን ከናፍጣ እየቀላቀሉ «ኖዝል ያጥባል» የሚሉ ሰዎችን በትሕትና ያሰናብቷቸው። በተለይ ኮመን ሬል ላይ ቤንዚን መጨመር የአንድ ቀን ቁጠባ፣ የአንድ ፖምፓ ኪሳራ ነው።

ሦስተኛ፦ ሳይፈታ በማሽን ማጠብ

የመኪናው ፓምፕ ይቋረጥና ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ከውጭ በተሰቀለ ዕቃ ውስጥ ባለ ማጠቢያ ፈሳሽ ይሠራል። ከጠርሙሱ የጠነከረ ነው፤ ኖዝል ስለማይፈታ ኦሪንግ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) የመቅደድ አደጋ የለውም፤ በዚያው ቀን ያልቃል። ችግሩ አራቱ ኖዝሎች ምን ያህል እንደሚረጩ በፊትም በኋላም አለመታየቱ ነው። ዋጋው ወደ ቀጣዩ አማራጭ የሚጠጋ ከሆነ እኔ ወደ ቀጣዩ እሄዳለሁ።

አራተኛ፦ ተፈትቶ መታጠብና መለካት

የቤንዚን ኖዝሎች ከመኪናው ወጥተው መሞከሪያ ማሽን ላይ ይሰቀላሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር ቁጥር የተጻፈበት የመስታወት ቱቦ አለ። ማሽኑ ሲነሳ ባለቤቱ ሁሉንም በዓይኑ ያያል። ጤነኛው ኖዝል እንደ ጉም የበተነ ርጭት ያወጣል፤ የታመመው ግን ቀጭን ክር ያወርዳል ወይም ተዘግቶም እያለ ይንጠባጠባል። ከዚያ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ከፍታ ይነበባል። አንዱ ከሌላው ከ10 በመቶ በላይ ከተለየ ሞተሩ መንቀጥቀጡ አይገርምም። በድምፅ ሞገድ በሚያጸዳ አልትራሶኒክ ገንዳ ታጥበው እንደገና ይለካሉ፤ ሲመለሱም ኦሪንጎቹና ውስጣቸው ያሉት ጥቃቅን ማጣሪያዎች አዲስ መሆን አለባቸው። ኦሪንግ ሳይቀየር ከተመለሰ ቤንዚን ትኩስ ሞተር ላይ ሊያንጠባጥብ ስለሚችል በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ስለዚህ ጋራዡን መጠየቅ ያለብዎት «ታጥባላችሁ?» ብለው ሳይሆን «ከመታጠቡ በፊት ያለውን ልኬት ታሳዩኛላችሁ?» ብለው ነው። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ እንዲያውም «ይምጡና ይመልከቱ» ብሎ ወንበር ያቀርባል።

ፖምፓና ኖዝል የሚሠሩ ባለሙያዎች የአይሱዙና የድሮ ሚኒባስ ናፍጣ ኖዝል ሲፈትሹ የሚጠቀሙት የእጅ መሞከሪያ ነው። እጀታውን ሲጫኑ ኖዝሉ በስንት ባር እንደሚከፈት በግፊት መለኪያው ላይ ይታያል፤ ርጭቱም ንጹሕና ድምፁ የተቆረጠ መሆን አለበት። ጫፉ ብቻ ተቀይሮ ግፊቱ በቀጭን ቀለበት ስለሚስተካከል ለአሮጌ ናፍጣ ሞተር ከዚህ የተሻለ የዋጋና የውጤት ሚዛን ያለው ሥራ የለም።

ኮመን ሬል ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ግፊቱ 1,600 ባር እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ የሚመረመረው በልዩ ማሽን ብቻ ነው። አቧራ ያለበት ወለል ላይ መዶሻና ጨርቅ ይዞ ሊከፍተው የሚነሳ ካለ መኪናውን ይዘው ይውጡ። ማሽኑን በዓይንዎ ካላዩ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ካስፈለገም የአዲስ አበባ መንገድ፣ ከተበላሸ ኖዝል ይረክሳል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሚያፈስ ቦታ በእጅ መፈለግም አይገባም፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ሕክምናውም አጣዳፊ ነው።

አምስተኛ፦ መቀየር

ኖዝል የሚቀየረው ከታጠበ በኋላም ልኬቱ ካልተስተካከለ ወይም የኤሌክትሪክ መጠምጠሚያው ከተቃጠለ ነው። ያገለገለ ሲገዙ ሻጩ መሞከሪያ ማሽን ላይ እንዲሰቀል ከፈቀደ ይግዙ፣ ካልፈቀደ ይለፉት። ብዙ የኮመን ሬል ኖዝሎች በአናታቸው ላይ የተጻፈ መለያ ኮድ አላቸው፤ ኮዱ በኮምፒውተር ወደ መኪናው ካልገባ አዲሱ ኖዝል ከአሮጌው ብሶ ሊያጨስ ይችላል። ቆሻሻው የመጣበት ታንከር ሳይጸዳ አዲስ ኖዝል ማስገባት ግን ገንዘብ ማቃጠል ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚፈታው | የማይፈታው | ውጤቱ ይለካል? | ወጪ | መኪናው የሚቆመው |
|---|---|---|---|---|---|
| ታንከርና ፊልትሮ ማጽዳት | ውኃ፣ ዝቃጭ፣ የግፊት ማነስ | የተበላ ኖዝል | አዎ፣ በጠርሙስና በግፊት መለኪያ | አነስተኛ፤ ታንከር ከወረደ መካከለኛ | ከሰዓታት እስከ አንድ ቀን |
| ታንከር ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ | ቀላል የኖዝል ቆሻሻ | ውኃ፣ ዝገት፣ የታፈነ ፊልትሮ | አይለካም | ከሁሉ ያነሰ | አይቆምም |
| ሳይፈታ ማጠብ | መካከለኛ ቆሻሻ | የኖዝሎች አለመመጣጠን ምክንያት | በቀጥታ አይለካም | መካከለኛ | ግማሽ ቀን |
| ፈትቶ ማጠብና መለካት | ከባድ ቆሻሻ፣ አለመመጣጠን | የተቃጠለ መጠምጠሚያ | አዎ፣ በሚገባ | ከመካከለኛ በላይ | ከአንድ እስከ ሁለት ቀን |
| ኖዝል መቀየር | የተበላና የተቃጠለ ኖዝል | ቆሻሻ ታንከር | ከተሞከረ ብቻ | ከፍተኛ | ዕቃው እስኪገኝ |

ለማን የትኛው?

ካርቡራተር ላለው ባጃጅ ከላይ ካሉት አምስቱ የሚያገለግለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፦ የነዳጅ መስመሩን ማጣሪያ መቀየር፣ የካርቡራተሩን ጎድጓዳ ክፍል አውርዶ ማጠብ፣ ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን ዕቃ) ማየት። ካንዴላው ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ለጎንደር ከፍታ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው፤ የካርቡራተር ማስተካከያ ይበቃዋል። ጠርሙስ መግዛት አያስፈልግም።

ከተማ ውስጥ ለምትመላለስ ቪትዝ ወይም ኮሮላ በመጀመሪያ የታንከሩን ፊልትሮ ያስቀይሩ፣ ግፊቱን ያስለኩ፣ የአየር ፊልትሮውንና ካንዴላውን ያስፈትሹ። ሁሉም ደህና ሆኖ መንቀጥቀጡ ካልተወ አንድ ጠርሙስ ማጽጃ ይሞከር፤ ከዚያ ሳያባክኑ በቀጥታ ወደ አራተኛው ይሂዱ።

ወደ ባሕር ዳር ለሚመላለስ ሚኒባስ የሚቆምበት ቀን ስለሚከብድ የጊዜ ሰሌዳ ያስፈልገዋል። ውኃ ማውጣቱን በየሳምንቱ ማድረግ የረዳቱ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ አሮጌ ከሆነ ኖዝሎቹን ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት ጊዜ አውጥቶ ማስሞከር በጥምቀት ሰሞን ከመቆም ያድናል።

መተማ ለሚወርድ አይሱዙ ዋናው ጠላት ነዳጅ የሚቀዳበት ቦታ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ ግማሽ ባዶ ታንከር ይዞ ማደር፣ ቀኑ ሲቀዘቅዝ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በታንከሩ ግድግዳ ላይ ጤዛ እንዲሆን ያደርጋል። ስለዚህ ሲቻል ማታ ሞልቶ ማደር ይሻላል። ከጀሪካን መቅዳት ግድ ከሆነ ደግሞ ጥልፍልፍ ወንፊት ያለው ማጥለያ ይዞ መጓዝና ከጀሪካኑ ሥር የቀረውን ሁለት ጣት ነዳጅ አለመቅዳት ነው።

ቱሪስት ይዞ ወደ ደባርቅና ሰሜን ተራሮች ለሚወጣ ኮመን ሬል መኪና ርካሽ ፊልትሮ አይመከርም። የውኃ ምልክቱ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ከበራ ሊማሊሞን ከመውረድ በፊት ደባርቅ ላይ ቆሞ ውኃውን ማውጣት ግድ ነው። መኪናው ውስጥ አንድ ተጠባባቂ ፊልትሮና ለፊልትሮው የሚሆን መፍቻ ይኑር።

በጀቱ በጣም ለጠበበበት ሰው የማዝዘው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በጠርሙስ ምርመራ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ የግፊት ልኬት። እዚህ ላይ ቆሞ ለውጡን ማየት ይቻላል። ከዚህ በላይ ከመክፈልዎ በፊት ደረሰኝና የወጣውን አሮጌ ዕቃ በእጅዎ ይቀበሉ፤ የወጣው ፊልትሮ በመጋዝ ተቆርጦ ወረቀቱ ሲዘረጋ ታንከርዎ ውስጥ ምን እንዳለ በግልጽ ይታያል።